ማግኔቱ የቱ ነው? ቪቴው፣ ዘንጉ ወይስ ክሯ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሬ ሦስት ፒክአፕ አለው፣ ያ ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ንዝረታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማለቴ ነው። ሁለቱ ጠባብ ናቸው። ከላያቸው ለስላሳ ክብ ብረቶች ይታያሉ፣ ቁመታቸውም እኩል አይደለም። ድልድዩ፣ ማለትም ክሮቹ የሚያርፉበት፣ አጠገብ ያለው ሰፊው ደግሞ ባለ ቪቴ ነው። አንዱን ቪቴ ፈትቼ ባወጣው መርፌ እንኳን አልስብ አለ። ሞቷል ማለት ነው? ሌላው፣ በጠባቦቹ ላይ ስጫወት ሦስተኛዋ ክር፣ ጂ፣ ከሌሎቹ በላይ ትጮኻለች። ከሥሯ ያለውን ብረት በመዶሻ ቀስ አድርጌ ዝቅ ላድርገው? ወይስ ጠንካራ ማግኔት አስገብቼ ሁሉንም ላጉላቸው? ፒክአፑን ከቀየርኩ አሮጌውን ለክራሬ ልጠቀምበት አስቤያለሁ፣ ይሆናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መዶሻውን አስቀምጥልኝ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ።

ከቪቴው እንጀምር። አልሞተም። ድሮም ነፍስ አልነበረውም። ተራ ብረት ነው። ማግኔቱ የተኛው ከፒክአፑ ሆድ ውስጥ፣ ከተጠቀለለው ሽቦ ሥር ነው። ቪቴው ከማግኔቱ ጋር ተነካክቶ ሲቆም ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ላይ ለክሯ ያደርሳል። ማግኔቱ ሮቶ ነው በል፣ ቪቴው ደግሞ ቧንቧ። አንተ ያደረግኸው ቧንቧውን ከሮቶው ነቅለህ «ውሃ የለውም» ብለህ መደንገጥ ነው። መልሰህ እሰረው፣ መርፌዋን እንደገና ይስባል።

(ፒክአፕ የምንለው ነገር ስሙ ራሱ ጣጣ አለው። አንድ ጊዜ ስልክ ላይ «ፒክአፕህን ፈትተህ አምጣው» ስል ከጎኔ የተቀመጠ ሰው የመኪና ሻጭ መስዬው ዋጋ ጠየቀኝ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ጊታር ተጫዋቾች ድምፁን የሚያወጣው ማግኔቱ ይመስላቸዋል። ስለዚህ «ማግኔቱ ሲጠነክር ድምፁም ይጎላል» ይላሉ። ማግኔቱ ግን ድምፅ አያወጣም። ሥራው ክሯን ማግኔት ማድረግ ነው። የጊታርህ ክር አረብ ብረት ነች። ከማግኔት በላይ ስትዘረጋ ከብረቱ አናት ላይ ያለችው ቁራጭ፣ ማለትም ከርዝመቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆነው፣ ራሷ ትንሽ ማግኔት ትሆናለች። ስትመታት ይቺ ትንሽ ማግኔት ወደ ላይና ወደ ታች ትወዛወዛለች። ከሥሯ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዙር የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዴይ በ1831 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ያሳየው ነገር እዚህ ይሠራል። በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት ኃይል ከፍ ዝቅ ሲል በሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ክሯ በሰከንድ 196 ጊዜ ከተርገበገበች፣ በጣት ሳትጫን የተመታችው ጂ ያን ያህል ነች፣ ኤሌክትሪኩም 196 ጊዜ ይመላለሳል። አምፕሊፋየሩ ያንን አጉልቶ ወደ ስፒከር ይልከዋል። በቃ።

ካላመንክ ሞክረው። ባለ ቪቴው ዓይነት ፒክአፕ ከሥሩ ማግኔቱ ቢወጣ ድምፁ ወደ ምንም ይጠጋል። ከዚያ ሌላ ማግኔት ይዘህ ከክሮቹ በላይ፣ ሳታስነካ፣ በፒክአፑ ትይዩ ብታስጠጋው ድምፁ ይመለሳል። ማግኔቱ ጥቅሉ ውስጥ የለም፣ ከክሩ በላይ በእጅህ ነው ያለው። ክሯ ግን ማግኔት ሆናለች፣ ጥቅሉ የሚያዳምጠውም እሷን ነው። ይህን ያየ ሰው ስለ ፒክአፕ ያለው አስተሳሰብ ያን ቀን ይገለበጣል። የኔ ተገልብጧል።

ታዲያ እነዚያ ስድስት ክብ ብረቶች ምን ይሠራሉ? በእንግሊዝኛው አጠራር «ፖል ፒስ» ይባላሉ፣ እኛ አጠር አድርገን ፖል እንበላቸው። ሥራቸው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የማግኔቱን ኃይል ሰብስበው ከክሯ በታች አንድ ቦታ ላይ ያሳርፋሉ። ክሯ የትኛው ቦታዋ ላይ «እንደምትደመጥ» የሚወስነው ፖሉ ነው። ሁለተኛ፣ ከክሯ የሚመጣውን ለውጥ ወደ ጥቅሉ እምብርት ይወስዳሉ። መንገዱ በሁለት አቅጣጫ ያስኬዳል ማለት ነው።

ይህን ሥራ ለመሥራት ፖሉ ራሱ ማግኔት መሆን ይችላል። ከሌላ ማግኔት የሚቀዳ ብረትም መሆን ይችላል። ሁለቱ ቤተሰቦች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቤተሰብ የጊታር አምራቹ የፌንደር ነው። በ1954 በወጣው ስትራቶካስተር በተባለው ጊታሩ ላይ ያሉት ስድስቱ ዘንጎች ራሳቸው ማግኔት ናቸው። ከአልኒኮ የተሠሩ ናቸው። አልኒኮ የአልሙኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ስም ተቀጣጥሎ የወጣ ስም ነው። አብዛኛው ቀሪው ግን ብረት ነው። ሽቦው ደግሞ በቀጥታ በዘንጎቹ ዙሪያ ይጠቀለላል፣ ወደ 8,000 ዙር። ሽቦው 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከፀጉር አይወፍርም።

ሁለተኛው ቤተሰብ የሌላው ጊታር አምራች፣ የጊብሰን ነው። በ1946 የወጣው ፒ-90 የተባለው ፒክአፕ ከጥቅሉ ሥር ሁለት ጠፍጣፋ ማግኔቶች አሉት። በመካከላቸው የሚያልፉት ስድስት ቪቴዎች ኃይሉን ወደ ላይ ያወጣሉ። የአንተ ሰፊው ፒክአፕ የዚህ ዘመድ ነው። ሀምበከር ይባላል። የጊብሰን መሐንዲስ ሴት ላቨር የፈጠራ ማመልከቻውን በ1955 አስገባ፣ ፈቃዱ የተሰጠው በ1959 ነው። ውስጡ ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከሥራቸው አንድ ማግኔት አለ፣ ርዝመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል የማይሞላ ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የዚህ ማግኔት ሰሜንና ደቡብ ያለው በሁለቱ ጫፎቹ ላይ አይደለም። በሁለቱ ረጃጅም ጎኖቹ ነው። አንዱ ረጅም ጎን ቪቴዎቹን ይነካል፣ ሌላው ጎን በሁለተኛው ጥቅል ውስጥ የተተከሉትን ጭንቅላት የሌላቸው ብረቶች። ስለዚህ አንዱ ረድፍ ሰሜን ሲሆን ሌላው ደቡብ ይሆናል።

ይህ ለምን ጠቀመ? ባለ አንድ ጥቅሉ ፒክአፕ የክሯን ብቻ አይደለም የሚሰማው። ቤት ውስጥ ካለው የመብራት መስመር የሚመጣውንም ያነሳል። እኛ ዘንድ መብራቱ 50 ሄርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ያ «እምምም» የሚለው ከሱ ነው የሚመጣው። (ፍሎረሰንት ሥር ወይም ትራንስፎርመር አጠገብ ተቀምጠህ ስትራቶካስተር ስትጫወት አይተኸዋል።) በሀምበከር ግን ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ አቅጣጫ ተገናኝተዋል። የመብራቱ ጩኸት ማግኔት አያውቅም፣ በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል፣ ሲገናኙ ይጣፋሉ። የክሯ ምልክት ግን በአንዱ በሰሜን፣ በሌላው በደቡብ በኩል ስለመጣ አስቀድሞ ተገልብጧል። ሽቦው ሲገለብጠው ይቃናል። ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ ይሆናል እንደሚባለው። ጩኸቱ ይጠፋል፣ ክሯ ትደመራለች። በጣም ቆንጆ ዘዴ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ባስበው ደስ ይለኛል።

ወደ መዶሻው ልመለስ።

የጠባቦቹ ፒክአፖችህ ክብ ብረቶች ምን እንደሆኑ ሳታውቅ አትንካቸው። ሽቦው በቀጥታ በዘንጎቹ ላይ የተጠቀለለ ከሆነ፣ ዘንጉን በገፋኸው ቁጥር ውስጠኛዎቹን ዙሮች እየፋቀ ይወርዳል። ፀጉር የሚያህል ሽቦ ይህን አይችልም። አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ ፒክአፑ ዲዳ ነው። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ገና ስጀምር የሰው ጊታር ላይ፣ ልክ አንተ የምትለውን የጂ ዘንግ፣ በሞርሳ ቀስ አድርጌ ገፋሁት። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አልሄደም። በቴስተር ስለካው 6 ኪሎ ኦም አካባቢ ሲያሳይ የነበረው ምንም አላነብ አለ። ባለቤቱ «ነካ ነካ አድርገህ ነው አይደል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በእጄ፣ በስፌት ማሽን ሞተር፣ ወደ 8,000 ዙር መጠቅለል ምን እንደሆነ አየሁት።

ፈትተህ ከሥሩ ተመልከት። ጥቁር ጠፍጣፋ ማግኔት ከታች ተለጥፎ ካየህ፣ ክብ ብረቶቹ ማግኔት አይደሉም። እንደ ቪቴው ተራ ብረት ናቸው። ርካሽ በሚባሉ ጊታሮች ላይ የሚበዛው ይህ ዓይነት ነው። ሽቦውም አብዛኛውን ጊዜ በፕላስቲክ ላይ ስለሚጠቀለል ብረቱን ማንቀሳቀስ ያን ያህል አያሰጋም። ከሥሩ ምንም የተለጠፈ ከሌለና የዘንጎቹ ጫፍ ብቻ ከታየህ ግን ማግኔቶቹ እነሱ ናቸው። እጅህን ሰብስብ። ቁመታቸው መለያየቱ ለብቻው ማረጋገጫ አይሆንም።

ቁመታቸው ለምን ተለያየ ካልከኝ ደግሞ ታሪክ አለው፣ የጂህ ጩኸትም የመጣው ከዚሁ ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ የጊታር ሦስተኛ ክር እንደ አሁኑ ራቁቷን አልነበረችም። ላይዋ ላይ ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞባት ነበር። የተጠመጠመች ክር ውስጧ ቀጭን ነው፣ ከባድም ስለሆነች ብዙ አትወዛወዝም። ምልክቷ ደካማ ነው። ስለዚህ የዲ (የአራተኛዋ ክር) እና የጂ ዘንጎች ረዘሙ፣ ያልተጠመጠመችው የቢ (የሁለተኛዋ ክር) ዘንግ ደግሞ አጠረ። ለዚያ ዘመን ልክ ነበር። በኋላ ተጫዋቾች ክር መጎተት ወደዱ፣ ለመጎተት የሚቀለው ያልተጠመጠመ ጂ ነው። አሁን የምትገዛው ስብስብ ውስጥ ጂ ባዶ አረብ ብረት ነች፣ ወፍራምም ነች። ወፍራም ብረት የበለጠ ማግኔት ይሆናል። ከሥሯ ደግሞ ለሌላ ክር ተብሎ የተሠራ ረጅም ዘንግ ቆሟል። ባትጮህ ነበር የሚገርመው። አምራቾቹ ግን ደንበኛው የድሮውን መልክ ስለሚወድ ዛሬም ቁመቱን እያበላለጡ ይሠሩታል። የኔ አስተያየት፣ ለጆሮ ሳይሆን ለዓይን ነው።

መፍትሔው ካቻቪቴ ነው። በፒክአፑ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ቪቴዎች ፈልግ። መጀመሪያ አንደኛዋንና ስድስተኛዋን ክር መጨረሻው ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው ቀጭን ብረት) ላይ ተጭነህ ከክሯ ሥር እስከ ብረቱ አናት በማስመሪያ ለካ። በወፍራሙ ክር በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ጀምር። ከዚያ ፒክአፑን በሩብ ዙር እያወረድክ አዳምጥ። ስታርቀው በፖሎቹ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። በቅርብ ርቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር ትልቅ ነው፣ በሩቅ ግን ብዙም አይደለም። የጠፋውን ድምፅ በአምፕሊፋየሩ ትመልሰዋለህ። ካልበቃህ ጂን አንድ ደረጃ ቀጭን አድርጋት። ሀምበከሩ ላይም ይኸው ችግር ከመጣ ግን የጂን ቪቴ ግማሽ ዙር ዝቅ ማድረግ ነው። ቪቴ የተደረገው ለዚሁ ነው።

አሁን ጠንካራ ማግኔት ወዳልከው። አልመክርህም። ማግኔቱ ክሯን ማግኔት ሲያደርጋት በነፃ አይደለም፣ ወደ ራሱም ይጎትታታል። ጉተታው ሲበዛ ክሯ ወደ ላይና ወደ ታች የምትወዛወዝበት ፍጥነት ወደ ጎን ከምትወዛወዝበት ይለያል። ሁለቱ ሲደባለቁ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ቅኝቱ የሳተ ይመስላል። በተለይ ወፍራሟን ክር ከ12ኛው ፍሬት በላይ ስትጫወት ትሰማዋለህ። ብዙ ሰው ጊታሩ የተበላሸ መስሎት ድልድዩን ሲያስተካክል፣ አንገቱን ሲያስመረምር ይከርማል። ፒክአፑን ሁለት ሚሊ ሜትር ቢያወርደው ይድን ነበር። ዘንጎቻቸው ማግኔት የሆኑት በዚህ ይብሳሉ፣ ምክንያቱም ማግኔቱ ራሱ ከክሯ ሥር ነው ያለው።

ደግሞ ማግኔቱ የተሠራበት ነገር ድምፁን የሚቀይረው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። ጥቅሉ እምብርት ላይ ምን ቆሟል የሚለው ይበልጣል። ተራ ብረት የማግኔት ኃይልን በጣም በቀላሉ ያሳልፋል፣ አልኒኮ ግን ያን ያህል አያሳልፍም። ስለዚህ ብረት ያለበት ጥቅል ኢንዳክታንሱ ከፍ ይላል፣ ለውጥን የመቋቋም ጠባይ በለው። የስትራቶካስተር ዓይነቱ 2.4 ሄንሪ (ኢንዳክታንስ የሚለካበት ነው) አካባቢ ነው። የድሮው ዓይነት ሀምበከር ከ4 እስከ 5 ሄንሪ ይደርሳል፣ ጥቅሉ ሁለት በመሆኑም ጭምር። ይህ ከኬብልህ ጋር ሲገናኝ የሚጎላበት አንድ ከፍታ ይፈጠራል፣ ከዚያ በላይ ያለው ድምፅ ይወርዳል። ስድስት ሜትር ያህል ኬብል ብትሰካ ለመጀመሪያው 4,000 ሄርዝ አካባቢ፣ ለሁለተኛው 3,000 አካባቢ ይመጣል። አንዱ ጥርት ብሎ «ክልል» የሚለው፣ ሌላው ሞላ ደፈን የሚለው በአብዛኛው ከዚህ ነው። በዚያ ላይ ብረቱ ውስጥ የሚሽከረከሩ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጅረቶች የቀጭኑን ድምፅ ጫፍ ይበሉታል። ሰዎች «የአልኒኮ ድምፅ»፣ «የሴራሚክ ድምፅ» እያሉ ሲከራከሩ ግማሹ ክርክር የብረቱ ነው።

ሴራሚክ የሚባለው ያ ጥቁሩ ነው፣ ከብረት ዝገትና ከስትሮንቲየም ወይም ከባሪየም የሚሠራ። እንደ ሸክላ ይሰበራል። ማግኔትነቱ ግን በቀላሉ አይለቅም። አልኒኮ በተቃራኒው ነው። በሙቀትም በዕድሜም ብዙ አይደክምም፣ ሌላ ጠንካራ ማግኔት ከቀረበው ግን ይሸነፋል። አንድ ልጅ የፈታውን ፒክአፕ በትልቅ ስፒከር ጀርባ ላይ አስቀምጦት አድሮ ሲመልሰው የሦስት ክሮች ዘንጎች ደክመው አገኘናቸው። አልሞቱም፣ ኒዮዲሚየም በሚባሉ ሁለት ጠንካራ ማግኔቶች መካከል አሳልፈን ሞላናቸው። ስትሞላ ግን አቅጣጫውን በኮምፓስ አስቀድመህ እወቅ። በብዙ ጊታሮች ላይ የመካከለኛው ፒክአፕ ማግኔትም ጥቅልም ከሌላው ተገልብጦ ይሠራል፣ ሁለቱ አብረው ሲበሩ እንደ ሀምበከር እምምታውን እንዲያጠፉ። ማግኔቱን ብቻ ብትገለብጠው አብረው ሲበሩ ድምፁ ቀጥኖ አፍንጫ አፍንጫ ይላል፣ እምምታው ግን አይቀየርም።

በመጨረሻ ክራርህ። ክሮቹ ናይለን ወይም ጅማት ከሆኑ ይቅርብህ። ናይለን ማግኔት አይሆንም፣ ስለዚህ ጥቅሉ ምንም አይሰማም። ለሱ የሚሆነው ንዝረትን ከቆዳው ወይም ከድልድዩ ላይ የሚለቅመው ፒየዞ ነው። ክሮቹን ወደ ቀጫጭን የጊታር አረብ ብረት ክር ከቀየርክ ግን ይሠራል። ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። የክራር ክሮች ከድልድዩ ተነስተው እየተበተኑ ነው የሚወጡት፣ የጊታር ፖሎች ደግሞ እኩል ተራርቀው የቆሙ ናቸው፣ ስለዚህ አይገጣጠሙም። ከጠባቦቹ አንዱን ውሰድና በስድስቱ ብረቶች አናት ላይ አንድ ስስ የብረት ቁራጭ ለጥፍ። እንደ አንድ ረጅም ምላጭ ይሆናሉ፣ ክሯ የትም ብታልፍ ትሰማለች። ትንሽ ይደክማል፣ ግን ይበቃሃል። ሌላው፣ ፒክአፑን ቆዳው ላይ እንዳትለጥፈው። ክብደቱ ቆዳውን ያፍነዋል። በሁለቱ ክንዶች መካከል ቀጭን ጣውላ አጋድመህ ከክሮቹ ሥር አንጠልጥለው፣ በተቻለ መጠን ወደ ድልድዩ አስጠግተህ።